ትልቅ ፊደልና አንቱታ

የክፍል ጓደኞቼ ይኽን አርእስት ሲያዩ እንደሚሥቁ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት የእንግሊዝኛ ድርሰት ደብተሬ በክፍላችን ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የዋለው በድርሰቱ ማማር ሳይሆን በቀዩ ብዛት ነበርና። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስሕተት ያገኙበትን ፊደል ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይከቡታል። በአራት ገጽ ድርሰት ውስጥ ሠላሳ አንድ ክብ ቈጠርሁ። አንዱ ጓደኛዬ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይኽማ ድርሰት አይደለም፥ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ነው» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፥ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ደወል ሲደወል ግን ደብተሬን በነጠላዬ ሥር ደብቄ ወደ ቤቴ ብቻዬን ሄድሁ።

ድርሰቱ ልብ ወለድ ታሪክ ነበር። በጣና ዳር ደንገል ልታጭድ የወረደች አንዲት ልጅ ጉም ይከባትና መንገድ ይጠፋታል፤ በጉሙም ውስጥ ከሰውም ከአውሬም ያልሆነ ፍጥረት ታገኛለች። ለፍጥረቶቹ ከጉም አውጥቼ «ጉሜ» የሚል ስም ሰጠኋቸው። ታሪኩን በመጀመሪያ በአማርኛ ጻፍሁት፥ ከዚያ በኋላ ለክፍል ሥራው ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ከሠላሳ አንዱ ክብ ሃያ ስድስቱ የሰዋስው ስሕተት አልነበሩም። ሁሉም የፊደል ቁመት ነው። ትልቅ ፊደል በማይገባበት ቦታ ትልቅ፥ በሚገባበት ቦታ ትንሽ ጽፌ ተገኘሁ። «ማይ ማዘር» ስል የእናቴን ኤም ትልቅ አድርጌው ነበር፤ ተከበበ። ንጉሡን፥ ቄሱን፥ አንበሳውን፥ ሐይቁን በትልቅ ፊደል ጀምሬአቸው ነበር፤ ሁሉም ተከበቡ። የአጎቴን ስም በትልቅ ፊደል ጽፌ ከስሙ በፊት የሚገባውን «አንክል» የሚለውን ቃል ግን በትንሽ ትቼው ነበር፤ እሱም ተከበበ።

ይኽን ያደረግሁት በስንፍና አልነበረም። እኔ ፊደል የቈጠርሁት በሀ ሁ ነው። በሀ ሁ ዘንድ ንጉሡም እረኛውም በአንድ ቁመት ይጻፋሉ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ «ትልቁን ኤ ቢ ሲ ዲ» እና «ትንሹን ኤ ቢ ሲ ዲ» ስንማር ትልቁ ለትልቅ ነገር፥ ትንሹ ለትንሽ ነገር የተሠራ መሰለኝ። ማንም እንዲህ ብሎ አላስተማረኝም፤ ግን ለሕፃን ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል? ለተከበረ እንግዳ መደቡ ላይ አጎዛ እንደሚነጠፍለት፥ ለተከበረ ቃልም ትልቅ ፊደል ይነጠፍለታል ብዬ አመንሁ። ስለዚህ ለእናቴ አነጠፍሁላት።

በእውነቱ አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። እንግሊዝኛ «እኔ» የሚለውን ቃል በየትም ቦታ ቢያገኘው በትልቅ ፊደል ይጽፈዋል፤ «አንተ» የሚለውን ግን በዐረፍተ ነገር መኻል ሲያገኘው በትንሽ። ባለቤቱ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ እንግዳውን ከመሬት ያስቀምጣል ማለት ነው! ጀርመኖች ደግሞ ተገላቢጦሹን እንደሚያደርጉ በኋላ አነበብሁ። እነሱ «እኔ»ን በትንሽ፥ የአክብሮቱን «እርስዎ» በትልቅ ፊደል ይጽፋሉ። እዚህ ላይ ከጀርመኖች ጋራ በእጅጉ ተስማምቼ ነበር፤ ነገር ግን እነሱ ጠረጴዛውንም ድመቱንም፥ ስም የተባለውን ሁሉ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምሩት አጎዛው ለድመቱም ደርሶታል።

በማግስቱ አስተማሪያችን ወደ አስተማሪዎች ክፍል አስጠሩኝ። የሚቈጡኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ወንበር ስበው «ተቀመጪ» አሉኝ። «ልጄ፥ ትልቅ ፊደል ክብር አይደለም። የስም ምልክት ነው» ብለው ጀመሩ። ከዚያም አንድ ዘዴ አሳዩኝ። በተጠራጠርሁ ጊዜ ቃሉን አንሥቼ በቦታው የሰውየውን ወይም የሴቲቱን ስም መተካት ነው። «ማዘር ገበያ ሄደች» በማለት ፈንታ «አልማዝ ገበያ ሄደች» ብንል ያስኬዳል፤ እንግዲህ ማዘር እዚህ ላይ ስም ሆናለችና ትልቅ ፊደል ይገባታል። «ማይ ማዘር ገበያ ሄደች» በማለት ፈንታ ግን «የኔ አልማዝ ገበያ ሄደች» ማለት በእንግሊዝኛ አያስኬድም፤ ስለዚህ በትንሽ ይጻፋል። (በአማርኛ ያስኬዳል እንጂ! «የኔ አልማዝ» ማለት ፍቅር ነው። ይኽን ግን ያን ቀን አልተናገርሁም።)

የማዕርግ ስምም እንዲሁ ነው። ከስም በፊት ሲመጣ የስሙ አካል ሆኖ ትልቅ ፊደል ይይዛል፤ «ፕሬዚዳንት ሊንከን» ስንል ማለት ነው። ብቻውን «ፕሬዚዳንቱ» ሲባል ግን የሥራ ስም ስለሚሆን ብዙዎቹ መመሪያዎች በትንሽ ይጽፉታል። «ብዙዎቹ» ያልሁት ሁሉም ስለማይስማሙ ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የቺካጎው የጽሕፈት መመሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት እንኳ፥ ያለ ስሙ ብቻውን ሲጠራ፥ ትንሽ ፊደል ይሰጠዋል። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት መመሪያ ደግሞ ለዚያው ሰው ትልቁን ይሰጠዋል። አንዱ ሰው በመንግሥት ወረቀት ላይ ቁመቱ ረዝሞ፥ በመጽሐፍ ላይ ያጥራል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ «ሰር» የሚለው ቃል ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት «የስ፥ ሰር» ሲሉት በትንሽ ፊደል ይጻፋል። በደብዳቤ ራስ ላይ «ዲር ሰር» ሲባል በትልቅ። ንጉሥ ሹሞት ከስሙ በፊት «ሰር» የተባለ ሰው ከሆነ ሁልጊዜ በትልቅ። «የስ፥ ዶክተር» ሲባል ግን ሐኪሙ በቃል መካከልም ትልቅ ፊደሉን ይይዛል። እንግዲህ ከክብር በቀር ሌላ ትርጕም የሌለው ቃል በአክብሮት በሚነገርበት ሰዓት ትንሽ ሆነ! አስተማሪያችን ሣቁና «ክብር አይደለም ብዬሽ የለ?» አሉ።

ነገሩ ከየት እንደ መጣም ነገሩኝ። ትልልቆቹና ትንንሾቹ ፊደላት በመጀመሪያ የአንድ ዘመን ልጆች አልነበሩም። ትልልቆቹ ሮማውያን በድንጋይ ላይ ይቀርጹአቸው ከነበሩት ፊደላት የመጡ ሲሆኑ፥ ትንንሾቹ በብዕር ፈጥኖ ከመጻፍ እየተለወጡ መጥተው በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ዓመት መልክ የያዙ ናቸው። በኋላ በአንድ ገጽ ላይ አብረው መኖር ጀመሩ። አታሚዎች የእርሳስ ፊደሎቻቸውን በሁለት ሣጥን ያስቀምጡ ነበርና ትልልቆቹ በላይኛው ሣጥን፥ ትንንሾቹ በታችኛው ይቀመጡ ነበር፤ በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ «የላይኛው ሣጥን» «የታችኛው ሣጥን» እየተባሉ የሚጠሩት ስለዚህ ነው። የእኛ ፊደል ግን በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በአክሱም በድንጋይ ሲያስቀርጸውም፥ ዛሬ እኔ በደብተሬ ስጽፈውም ሁለት ሣጥን የለውም። ዐረብኛና ዕብራይስጥም እንዲሁ ናቸው።

ይኽን ሁሉ ሰምቼ አመስግኜ ወጣሁ። ስሕተቴ ገባኝ፤ ግን ልቤ አላረፈም። እናቴ ያችን አጎዛ ያገኘችው በስሕተት ነበር ማለት አልፈለግሁም።

የገና በዓል ሲደርስ ከእናቴ ጋራ ጎርጎራ አጠገብ ወደሚኖሩት አያቴ ዘንድ ሄድን። አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ዐይናቸው ከመድከሙ በፊት ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ዳምጠው፥ መቃ ቀርጸው ብዙ ዳዊት ጽፈዋል። የአገሩ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። «የእኔ ጌታ» ማለት ነው፤ በጥድፊያ ሲጠራ አጥሮ የኔታ ሆኗል። እኛ የልጅ ልጆቻቸውም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነው የምንላቸው። አያቴ ብላ የጠራቻቸው ልጅ የለችም።

ደብተሬን ይዤ ሄጄ ነበርና ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ «እስቲ የተማርሽውን አሳይኝ» አሉኝ። የላቲን ፊደል አያነቡም። ደብተሩን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግተው ገጹን ገለጡ፤ ደግሞ ገለጡ፤ ፊታቸው እየበራ ሄደ።

«ይኽን ሁሉ ቀይ!» አሉ። «ምን ዐይነት መጽሐፍ ነው የምትጽፊው ልጄ? ይኽን ያህል ቅዱስ ስም ያለበት?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሣቀች። እኔ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

ለማያውቁት ጓደኞቼ ልናገር። በብራና መጽሐፍ ውስጥ ተራው ቃል በጥቁር ቀለም ይጻፋል። የእግዚአብሔር ስም፥ የእመቤታችን ስም፥ መጽሐፉ የሚነገርለት ቅዱስ ስም፥ የምዕራፉ መነሻ ደግሞ በቀይ ይጻፋል። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስምም ብዙ ጊዜ በቀይ ይገባል። የኔታ እንደ ነገሩኝ ጸሐፊው ጥቁሩን ሲጽፍ ለስሙ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ በኋላ ብዕር ለውጦ በቀዩ ይመለስበታል። እኔም ቀዩ ስሕተት ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መሆኑን አፍሬ ነገርኋቸው። የኔታ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«ስሕተትንማ እኛ በቢላዋ እንፍቀዋለን» አሉ በመጨረሻ። «እንዴት ተደርጎ በቀይ ይከበራል?»

ያን ጊዜ እናቴ ተነሥታ ከአገልግሏ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ መጽሐፍ አወጣች። መልክዐ ማርያም ናት። የኔታ ለሠርጓ የጻፉላት ናት። ከሕፃንነቴ ጀምሬ አይቻታለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። እናቴ ገልጣ በጣቷ አሳየችኝ። ወለተ ማርያም የሚለው የክርስትና ስሟ በየገጹ በቀይ ተጽፏል። ጠጋ ብዬ ተመለከትሁት። ከጎኑ ካሉት ጥቁር ቃላት አንዲት ነጥብ አይበልጥም፤ ቁመቱ እኩል ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የተለየው።

ከዚያ በኋላ ነበር ስለ ጉሜዎቹ ለአስተማሪዬ የመናገር ድፍረት ያገኘሁት።

ከሃያ ስድስቱ ክቦች አምስቱ የጉሜ ስም ላይ የወደቁ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ጉሜን በትንሽ ጂ፥ በአራተኛው ገጽ በትልቅ ጂ ጽፌአለሁ። አስተማሪያችን በዳርቻው ላይ «አንዱን ምረጪ» ብለው ጽፈውበት ነበር። ነገር ግን ከሠላሳ አንዱ ክብ ውስጥ ዐውቄ ያደረግሁት ይኽን ብቻ ነበር።

በአማርኛው ታሪክ ውስጥ ልጅቱ ጉሜውን በጉም ውስጥ ስታየው አውሬ ይመስላትና «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ትለዋለች። ጉሜው አይሄድም፤ ድምፅ ሳያሰማ ከፊቷ እየቀደመ እስከ መንደሯ መንገድ ድረስ ያደርሳታል። በመለያያቸው ጊዜ ልጅቱ ዞር ብላ «እግዜር ይስጥዎ» ትለዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም። አውሬ የነበረው ጉሜ አንቱ የተባለው በዚያች ቃል ነው። በአማርኛችን ስመ ጥር የሆነን ሐኪም ወይም ነጋዴ «አንቱ የተባለ» እንለው የለም? ለእኔ የታሪኩ ፍጻሜ ያ ነበር።

ወደ እንግሊዝኛ ስመልሰው ግን ፍጻሜው ጠፋብኝ። እንግሊዝኛ ለአውሬውም ለሽማግሌውም «ዩ» ነው። ቀድሞ «ዛው» የሚል የአንተ ቃል ነበራቸው፤ «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰዎችና ለሚከበር ሰው የሚነገር ነበር። እያደር ሁሉንም ሰው ዩ ማለት ለመዱና ዛው ከዕለት ንግግር ወጣ። እንግዲህ እንግሊዞች ውሻቸውንም አንቱ ይላሉ ማለት ነው፤ ሁሉንም አንቱ ካሉ በኋላ ግን አንቱታው ለማንም አልቀረም። ይኽ ስለ ጠፋኝ ያለኝን ነገር ፈለግሁ። ያለኝ የፊደል ቁመት ብቻ ነበር። ጉሜው አውሬ በነበረበት ቦታ ትንሽ ጂ፥ «እግዜር ይስጥዎ» ከተባለበት ጀምሮ ትልቅ ጂ ሰጠሁት።

አስተማሪዬ ይኽን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው በአምስቱም ክቦች አጠገብ አንድ በአንድ «ልክ ነው» ብለው በዚያው በቀይ ጻፉ። ቀጥለው ግን «አንባቢሽ ይኽን ካንቺ አይሰማም። አይቶ ስሕተት ብሎ ያልፈዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ራሳቸው አልፈውት ነበርና።

ከዚያም የፈጠራ ፍጥረቶችን ስም የሚጽፉ ደራሲዎች ሁሉ ይኸው ጭንቀት እንዳለባቸው ነገሩኝ። ጥያቄው እንዲህ ነው። ጉሜ የሚለው ስም እንደ «አንበሳ» የፍጥረት ዐይነት ነው ወይስ እንደ «ኢትዮጵያዊ» የሕዝብ ስም? እንግሊዝኛ አንበሳን በትንሽ፥ ኢትዮጵያዊን በትልቅ ይጽፋል። «ሰው» የሚለውም በትንሽ ነው። ቶልኪን የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1937 እ.ኤ.አ. «ዘ ሆቢት» የተባለውን መጽሐፉን ሲያሳትም ሆቢቶቹንም፥ ድንኮቹንም፥ ኤልፎቹንም በትንሽ ፊደል ጻፋቸው። በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. በወጣው በታላቁ መጽሐፉ ውስጥ ግን ኤልፎቹና ድንኮቹ እንደ ሕዝብ ትልቅ ፊደል አገኙ፤ የሰውን ዘር እንኳ ከእነሱ ጋራ እኩል አድርጎ «ሰዎች» የሚለውን በትልቅ ጻፈው። ሕፃናት የሚያነቡት ተረት የሕዝቦች ታሪክ ሲሆን ፊደሉም አብሮት አደገ ብዬ አሰብሁ። ይኽ የእኔ ግምት ነው።

ከእሱ በፊት ደግሞ ስዊፍት በ1726 እ.ኤ.አ. በጉሊቨር ጉዞ ውስጥ ሰው የሚመስሉትን አስቀያሚ ፍጥረቶች «ያሁ» ብሎ በትልቅ ፊደል ሰየማቸው። በዚያ ዘመን እንግሊዞችም እንደ ጀርመኖች ብዙውን ስም በትልቅ ይጽፉ ስለነበር ያሁ ብቻውን አልተከበረም። ዛሬ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሁ ማለት ባለጌ ሰው ማለት ሆኖ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ስም የነበረው ስድብ ሲሆን ፊደሉ ወረደ። በ1966 እ.ኤ.አ. በጀመረው ስታር ትሬክ በተባለው የቴሌቪዥን ታሪክ ደግሞ ቩልካን የተባለው ሕዝብ ስሙን ከፕላኔቱ ስላገኘ በትልቅ ይጻፋል፤ ክሊንጎኑም በትልቅ ነው። አብሮአቸው በመርከቡ ውስጥ ያለው ሰው ብቻ በትንሽ ይጻፋል። አስተማሪዬ «ሰው የአገር ስም አይደለምና» አሉ። እኔ ግን ጉሜዎቼ ከሰው ጋራ በትንሹ ሣጥን ውስጥ ቢቀሩም እንደማይከፋቸው አሰብሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልግባ።

የአማርኛው ታሪክ በወላጆች ቀን እንዲነበብ ተመረጠ። የጥሪውን ወረቀት ፖስታ የጻፍነው የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባላት ነን፤ ሁለት ቀን ሙሉ «አቶ» እና «ወ/ሮ» ስንጽፍ እጃችን ዛለ። ቀድሞ ወይዘሮ ማለት የመሳፍንትና የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ነበረች፤ አቶም እንዲሁ የማንም አልነበረም። ከዚያ ለሁሉ ሰው ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ «ጃንሆይ» የሚባል የለም፤ በደርግ ዘመን «ጓድ» መጣ፥ እሱም ሄደ። አቶና ወይዘሮ ግን ሁሉንም አሳልፈው በእኛ ፖስታ ላይ ተቀምጠዋል። የእናቴን ስም ስደርስበት ወ/ሮ የሚለውን በዝባዝ መስመር ሳላሳጥር ሙሉውን ጻፍሁት።

ታሪኩን ያረሙልኝ ሌላ አስተማሪ ናቸው። አንዲት ነገር ብቻ ለወጡ። በታሪኩ መጨረሻ ልጅቱ ስትመለስ «እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር» የሚል ነበረበት። እሳቸው «እናቴ ደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር» አደረጉት። ወላጅ በተሰበሰበበት ጉባኤ እናትን አንቺ ብሎ ማንበብ ነውር ነው አሉኝ። እኔም አልተከራከርሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። በእንግሊዝኛው የተነጠቅሁትን ትልቅ ኤም በአማርኛ መልሼ ያገኘሁ መሰለኝ።

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ መናገር አለብኝ፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ያለ ልማድ ነው። በእኛ ቤት አባቴ አንቱ ናቸው፤ እናቴ አንቺ ናት። እኔም ወንድሞቼም ከአፋችን ስንወለድ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እናቴም አባቴን አንቱ ትላቸዋለች። ለምን እንደ ሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንግሊዝኛው እንኳ በዚህ ነገር ለፋዘርና ለማዘር አንድ ሕግ ነው ያወጣው፤ ወይ ሁለቱም ትልቅ፥ ወይ ሁለቱም ትንሽ።

በዕለቱ መድረክ ላይ ወጥቼ አነበብሁ። እናቴና አባቴ ከፊት በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው አያቸው ነበር። ጉሜው አንቱ ሲባል ሰው አጨበጨበ። «እናቴ ደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር» ያልሁ ጊዜ ግን እናቴ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ከዚያ በኋላ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ማታ ቤት ስንገባ ቡና አላፈላችም። ወደ ማድቤት ተከትያት ገባሁ።

«እማዬ፥ ምን ሆንሽ?»

«ምን አጠፋሁ ልጄ?» አለችኝ። «ያች ልጅ ከጉም ወጥታ ቤቷ የገባች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቱ ስትል ጊዜ ሌላ ሰው ቤት የገባች መሰለኝ። እኔን ፈልጌ ወደ ኋላዬ አየሁ።»

ምንም ልመልስላት አልቻልሁም። በኋላ መኝታዬ ላይ ሆኜ ቃሉን ደጋግሜ አልሁት። ቆመው፥ ቆመው። በዚያ ቃል ውስጥ እናቴ የለችም። ወንድም ሊሆን ይችላል፥ ሴትም፥ አምስት ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ። «ቆማ» በሚለው ውስጥ ግን አንዲት ሴት ናት ደጅ ላይ የምትታየው። በአምስት ገጽ ታሪክ ለጉሜው የሰጠሁት ነገር ለእናቴ ስሰጣት ወሰድሁባት።

ይኽን ድርሰት ለመጽሔቱ ስሰጥ የዝግጅት ኮሚቴው ያንኑ ማረሚያ አቀረበልኝ። በአክብሮት እምቢ አልሁ። እናቴ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አለች» እንጂ «አሉ» አልተባለችም፤ ይኽ የማተሚያ ቤት ስሕተት አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

አባቴ ግን የማድቤቱን ንግግር በግድግዳው በኩል ሰምተውት ነበር። በሦስተኛው ቀን ደጅ ተቀምጠን ሳለን፥ ማንም ሳይጠይቃቸው «እኔን እናቴ ካረፈች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። የተከፉም የሚኩራሩም አይመስሉም ነበር። ይኽን ብለው ራዲዮናቸውን ከፈቱ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ እራት አቅርባ «አባትሽን ጥሪያቸው» አለችኝ። ከበሩ ላይ ቆምሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው አጥር ያጠባብቁ ነበር፤ ከእኔ በቀር በአቅራቢያው ሰው አልነበረም። «አባባ፥ እራት ቀርቧል» አልሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ፊደል ብቻ ያለው ቃል ነው። አፌን ከፈትሁ። አባቴ መዶሻቸውን አስቀምጠው ዞር አሉና ጠበቁኝ።

«ይምጡ» አልኋቸው።